ቢጫው ሚጥሚጣ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አትክልት ተራ ቃሪያና ሽንኩርት ሸጣለች። ለገበያ የማታወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ ቢጫ ሚጥሚጣ። ዘሩን ከጉራጌ ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ፣ ፒያሳ ባለው ጠባብ ግቢያችን በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ትተክለው ነበር። «ሚጥሚጣ ቀይ ካልሆነ ምኑን ሚጥሚጣ ሆነ!» የሚሏትን ሁሉ በሳቅ ታልፋቸዋለች። እዚያ አገሯ እንኳ የሚተክለው ሰው አልቀረም።

እሷ ስትሞት የተወችውን ዘር በሙሉ ተከልኩ። የበቀሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ፍሬያቸው ሲበስል ደግሞ ሁለቱም ቀይ፣ ፍም የመሰለ ቀይ! የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የሚያናድደው፣ እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህንኑ ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ንብ ከጎረቤታችን ቀይ ሚጥሚጣ የአበባ ብናኝ ይዛ ወደ እናቴ ቆርቆሮ መጥታ ነበር፤ ሌላ ተአምር የለውም። ቀይ ገዢ ነው፣ ቢጫ ተሸናፊ። ሁለቱ ሲዳቀሉ ልጃቸው ቀይ ይወጣል። ቢጫው ግን አይጠፋም፤ ከቀዩ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። የዚያን ቀይ ዘር መልሶ ለተከለ ሰው፣ ከአራት አንዱ ገደማ ከሁለቱም ወገን ቢጫን ወርሶ ቢጫ ይሆናል።

ይህን ሳስብ ትንሽ ተጽናናሁ። ቀዩን ፍሬ ለቅሜ፣ ክረምት ሲገባ ልዘራው ሰፌድ ላይ አሰጣሁት። ተክሎቹ ራሳቸው ውሃ በጠፋበት ሰሞን ደርቀው ሞቱ።

ሙት ዓመቷ ደረሰና አክስቴ ድግሱን ልታሰናዳ መጣች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፌዱ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ የነበረውስ?»

«ወፍጮ ቤት ልኬ አስፈጨሁታ! ለክትፎው ሚጥሚጣ አነሰኝ።»

«ዘር ነበር እኮ! የእማዬ ዘር!»

«ምን ነካሽ ልጄ? የእሷማ ቢጫ ነው። ይሄ ቀይ ነው።»

ሚጥሚጣ ከነዘሩ ነው የሚፈጨው፤ አንዲት ፍሬ አልተረፈችም። አክስቴን ምን ብዬ ላስረዳት? በዓይን የሚታየው እሷ ያለችው ነው። በቃ፣ አለቀ። ዳግመኛ የምለምነው ሰው፣ የምሄድበት ገበያ የለም።

ክትፎው ቀረበ። እንግዶቹ ሚጥሚጣውን እያደነቁ «ከየት ተገኘ?» ይላሉ። አክስቴ በኩራት «እሷ ናት በእናቷ ቆርቆሮ ያበቀለችው» አለቻቸውና ደህና አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። አላምጬ ዋጥኩት።

ዓይኔን አይታ «አይዞሽ፣ ያቃጥላል አይደል?» ብላ ውሃ አቀበለችኝ።