የእናቴ ጥርስ ሰባሪ ኮከቦች

ዘንድሮ የነቢያት ጾም እንደገባ የልጄ ልጅ፣ እጇ የማይደርስበት ቦታ የሌላት ቀበጥ፣ የድሮውን ሣጥኔን ስታተራምስ አንዲት የዛገች የቆርቆሮ ኮከብ አውጥታ «አያቴ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብላ ዓይኔ ሥር ደቀነችብኝ። አንደኛው ጫፏ ጎብጧል፤ ጎኗ ላይ ከሞተር ዘይት ጣሳነቷ የተረፈው ቢጫ ቀለም ዛሬም አልለቀቃትም። ተቀብያት አሸተትኳት። ምን ልትሸት ኖሯል፣ ዝገት ዝገት ብቻ ትላለች፤ እኔን ግን፣ አፍንጫዬ አርጅቶ ነው መሰል፣ ቅርንፉድና ማር፣ ከዚያም የተቆላ ሰሊጥ ሸተተኝ።

በደርግ ዘመን የምንኖረው አብደራፊ፣ ከመንግሥት እርሻው ሠራተኞች ሰፈር ነበር። አባቴ የትራክተርና የኮምባይነር ጥገና ሊማር ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ፣ ከሙያው ጋር እናቴን ሄልጋን ይዞ የተመለሰ ጎንደሬ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ስል ነው ቆላ የወረድነው። እናቴን የምጠራት ሙቲ ብዬ ነበር፤ በአገሯ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው። እኔስ ልጅ ነኝ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ ከጎረቤታችን ልጅ ከአበባ ጋር የሰሊጥ ነዶ እየዘለልኩ፣ አማርኛውንም አቧራውንም አብሬ መጠጥኩት። ሙቲ ግን በረዶ ላይ ያደገች ሰው፣ ሙቀቱ ፊቷን በርበሬ አስመሰለው፣ ወባው አንዴ ሲያነሣት አንዴ ሲጥላት ከረመ፣ ቋንቋው አልገባ አላት፤ አባቴ ደግሞ አጨዳ ሲደርስ የሚያድረው ከኮምባይነሩ ጋር ማሳው ላይ ነው። አንድ ቀን፣ እኔ የተኛሁ መስሏቸው፣ «እስከ ገና ልሞክረው። እስከዚያ ካልሆነልኝ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሥር አጎንብሼ ቡናማው ሻንጣ ከቦታው መኖሩን ማየት ሥራዬ ሆነ። አበባን ትቼ የትም መሄድ አልፈልግማ!

የሙቲ ገና ከእኛ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ከአያቷ ጀምሮ በቤታቸው፣ ገና ሲመጣ በማርና በቅመም የሚጋገር ትንንሽ የኮከብ ዳቦ አለ፤ ያ ዳቦ ካልተጋገረ ገና ገና አይሆንም፤ ተጋግሮም ለጎረቤት ካልታደለ ነውር ነው። ምድጃ የለ፣ ምን የለ! አባቴ የናፍታ በርሜል ለሁለት አስቆርጦ፣ በጭቃ አስለስኖ፣ ከላይም ከታችም ከሰል የሚነድበት ምድጃ ሠራላት። የወርክሾፑ በያጅ ይቺን ኮከብ ለሊጥ መቁረጫ ከዘይት ጣሳ ቀደደላት። ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ከመተማ ከሱዳን ነጋዴዎች አስመጣች፤ የአገሯን ለውዝ አጥታ በምትኩ ነጭ ሰሊጥ ነሰነሰችበት። ቅቤው ግን አስቸገረ፤ ገና ሳይታሽ ዘይት ሆኖ ይፈሳል። በመጨረሻ ሊጡን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ጥላ ሥር ከቆመው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ የውኃ ጋን ጋር አስጠግታ አሳደረችውና፣ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተን እሷ ስትዳምጥ እኔ በኮከቧ እየቆረጥኩ ጋገርን። ጠረኑ ከሰፈሩ አልፎ እስከ ሰሊጥ መጋዘኑ ደረሰ መሰለኝ፣ ጆንያ የሚሸከሙት የወሎና የጎጃም ልጆች ሳይቀሩ አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩን ነበር።

ሙቲ ጾም መሆኑን ታውቃለች። ሥጋ እንደማይበላ ነግረዋታል፤ እሷም ደስ ብሏት «እንኳን ዳቦ ሆነ» ብላ ነበር። ቅቤና እንቁላልም ከሥጋው ጋር እንደሚቆጠሩ ማን ይንገራት? በአገሯ እንዲያ የለ። እኔም አላውቅ። አባቴም ማሳ ላይ ነው። እና ያቺ የዋህ በቅቤና በእንቁላል ያበደ ዳቦ በየሳህኑ ደርድራ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ እኔን አስከትላ ቤት ለቤት ዞረች። የአበባ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ» አሏትና ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁሉም እንደዚያው። በሙቲ አገር የሰጡሽን እዚያው ቀምሰሽ ካላደነቅሽ ስድብ ነው፤ እዚህ ግን አንድም ሰው አልቀመሰም። በማግስቱ ሳህኖቹ ቆሎና ሽምብራ ተሞልተው ተመለሱ፤ ባዶ ሳህን አይመለስምና። እሷ ግን «የራሳችሁን አንፈልግም፣ ይኸው የኛን ውሰዱ» ያሏት መሰላት።

ይባስ ብሎ ከቀናት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ወንፊት ልንዋስ ስንገባ፣ እርሳቸው በርጩማ ላይ ወጥተው ከጣራው ወራጅ ያንጠለጠሉትን አገልግል ከፍተው ጉንዳን ያባርራሉ። ውስጡ የሙቲ ኮከቦች! ሁሉም! እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው በራና አገልግሉን ዝቅ አድርገው እያሳዩዋት «አየሽ፣ አንዲት አልጎደለችም!» አሉ። ሙቲ ወደ እኔ ዞረች። እኔም የልጅ ነገር፣ «አንዲት አልጎደለችም ይላሉ» ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ለልጆቻቸው እንኳ አልሰጡም ማለት ነው ብላ ቅስሟ ስብር አለ። ወንፊቱን ሳትቀበል ቤት ገብታ አለቀሰች። ማታውን ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ከአልጋ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ጥግ ይዤ ድምፄን አጥፍቼ አነባሁ።

ለአባቴ ስለ ዳቦው አልነገረችውም፤ አፍራለች። «ወስደህ ጎንደር አድርሰን» ብቻ ብላ ላከችበት። በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ንቅንቅ የለም፤ አባቴም እሱን ሲለምን ሰንብቶ፣ በገና ዋዜማ ፍየል እየጎተተ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መኪናው የሚነሣው በበዓሉ ማግስት ነው።

የገና ዕለት ጠዋት ሙቲ የመጨረሻዎቹን ልብሶች እያጠፈች ሳለ ከደጅ ጩኸት ተሰማ። «ሄልጋ! ኧረ ሄልጋ! እኛ በረሃብ ልናልቅ ጓዳ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ውጪ፣ ጦም ልንፈታ ነው!» እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መምጣታቸው ነው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ አገልግሉን ታቅፈው፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ግቢያችንን ሞሉት። አባቴ ግራ ገብቶት «ምንድን ነው እትዬ?» ሲላቸው፣ «ምን እናድርግ ልጄ፣ በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ነው፣ እንዴት በጦም ይቀመሳል? እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ስትሰጠን እንዴት አንበላም ይባላል? ልጆቹን እያባረርን፣ ጉንዳኑን እያባረርን አቆየነው። ጦማችንን በእሷ እጅ ሥራ ልንፈታ መጣን» አሉት። አባቴ ሊስቅ ጀመረና የሙቲን ፊት አይቶ ተወው፤ ቀስ ብሎ ነገራት። እሷ የታጠፈውን ቀሚስ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

እትዬ ጥሩወርቅ አማትበው ኮከቡን ነከሱ። ቀጭ! ያ የቆላ ደረቅ ንፋስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያደረቀው ዳቦ ነው። «ወይኔ ጥርሴ! ይሄማ ድንጋይ ነው!» ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሙቲ ዞሩ። እርሳቸው ግን ጉንጫቸውን ይዘው «አንዲት መንጋጋ ነበረችኝ፤ እሷንም ላንቺ ሰጠሁሽ» ብለው ኮከቡን ሻይ ውስጥ ነከሩና ዓይናቸውን ጨፍነው በሉት። አባቴ ሲተረጉምላት ሙቲ ሳቀች። አብደራፊ ከመጣን እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል፣ ሴቶቹም አብረው ይስቃሉ ያለቅሳሉ፣ የፍየሉ ወጥ ቀርቦ ዞር ብሎ ያየው የለም። በማግስቱ መኪናው ያለ እኛ ሄደ። ይለፍ ወረቀቱን ሙቲ የበርሜሏን ከሰል አቀጣጠለችበት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በራሷ ገና ትጋግራለች፣ እስከ እኛ ገና ግን እሷም አትቀምስ፣ እኛንም አታስቀምስ። እኔና አበባ ከአገልግሉ ሥር ተጋድመን ምራቃችንን ስንውጥ የከረምንበትን ጾም እግዜር ይቁጠርልን! የማለስለሻውን ዘዴ ታውቀው ነበር፤ አያቷ ዳቦው በሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ፣ በእርጥበቱ እንዲያለሰልሰው የብርቱካን ልጣጭ ጣል ያደርጉበት ኖሯል። ለምን አታደርጊውም ስላት ግን «እንዲያማ ከሆነ እትዬ ጥሩወርቅ ምን ብላ ትሰድበኛለች?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እትዬ በየገናው ይነክሳሉ፣ በየገናው «ድንጋይ!» ብለው ይጮኻሉ፣ እሷም በየገናው ቀና ብላ ሹመት እንዳገኘ ሰው ትንቀባረራለች።

ደርግም ወደቀ፣ እርሻውም ተበተነ፣ ሙቲ የመጣችበት አገር እንኳ ከካርታ ላይ ጠፋ። እኛ ጎንደር ገባን፤ የእትዬ ድርሻ በጭነት መኪና ይላክላቸው ጀመር። አንድ ዓመት ሙቲ እንደ ልማዷ ጋግራ፣ የእትዬን ሣጥን ልካ፣ የእኛ ገና ሳይደርስ አረፈች። እትዬ ጥሩወርቅ በዚያ እርጅናቸው በአበባ ተደግፈው፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱት ታቅፈው ለልቅሶ መጡ። በገና ጠዋት እኛ ቤት ከፈቱት። ማንም እጁን አልዘረጋም። እርሳቸው አንዷን ኮከብ አንሥተው ጥርስ በሌለው ድዳቸው ብዙ ቆዩባት፣ ብዙ ቆዩባት፤ ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ዘንድሮስ ለስላሳ ነው» አሉ። ድንጋይ ነበር። እኔም ቀምሼዋለሁ።

አሁን እርሳቸውም የሉም። የልጄ ልጅ ኮከቧን ካገኘች በኋላ አላስቆም አላስቀምጥ ስላለችኝ፣ ዘንድሮ እኔም ልጣጩን ሳልከት ጋገርኩና ለገና ከፈትኩት። ልጆቼ ጨዋ ናቸው። ጉንጫቸውን እያሻሹ፣ ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ «በጣም ይጣፍጣል እማዬ» አሉኝ። እኔም እስከ መጨረሻው ኮከብ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ ድንጋይ ነው ብሎ የሚጮኽብኝ አንድ ሰው ጠፋ።