ዘመድ እየታየ የሚጠለቅ ጓንት

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከባድ ዜና ነው። በከተማችን በቆቦ ጓንት የሚጠለቀው የሰው ዘር እየተቆጠረ መሆኑን በጥልቅ ኀዘን እገልጻለሁ።

ዛሬ እሾህ የወጋውን ጣቴን ላሳጥብ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ከፊቴ ከሮቢት የመጣች፣ እጇን እሳት ያቃጠላት ሴት ነበረች። ቁስል አጣቢው ያውቃታል መሰል፣ "አንቺ የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስጃለሽ አይደል? ተራሽ መጨረሻ ላይ ነው!" ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸባት። ለሷ ብሎም ሁለት ጥንድ ጓንት ለይቶ አስቀመጠ። ሴትዮዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

እኔን ግን በባዶ እጁ ያዘኝ።

"ጓንቱስ ዶክተር?" አልኩት። (እኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

"ላንተ? አባትህን አውቃቸው የለ እንዴ!"

"ታዲያ የሚያውቁት አባቴን ነው ወይስ ደሜን? መድኃኒቱን እንደማልወስድስ በምን አወቁ?"

ፍም እንደረገጠ ዘሎ ወደ ቧንቧው ሮጠ።

"ተመስገን! ዛሬስ እጁን ታጠበ" አለች ሴትዮዋ።

ከዚያ በኋላ ማንን እንደሚያምን ጠፋው። ለእያንዳንዳችን አዲስ ጓንት አጠለቀ። እንዳያልቅበት ሰግቶ ነው መሰለኝ፣ የሷ ተራ ሲደርስ ለሷም እንደኛው አንድ ጥንድ ብቻ አደረገ። ዞሮ ያያት ሰው አልነበረም።

ለነገሩ ቀላል ነገር ነው፤ ይህን ያህል የሚያስለፈልፍ አልነበረም። እናንተ ጋስ ጓንት የሚጠለቀው ምን እየታየ ነው? እስቲ ጻፉት።