ስሙ ያልተጠራ አይሰማም

እፀገነት ጠዋት ቢሮ ስትገባ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጎንበስ ትልና በግድግዳው ሥር የሚሄደውን ጥቁር ሽቦ ጫፍ በሁለት ጣቷ ጠበቅ ታደርጋለች። ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ቆብ ከላላች የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ እርስ በርስ መነጋገር ያቆማሉ። ትናንት ብታጠብቃትም ዛሬ ደግማ ታጠብቃታለች። የግምጃ ቤቱ አጽብሐ በዚያ በር ሲያልፍ ነገር ሳይወረውር አያልፍም። "እፁ፣ ሽቦው ነው ወይስ የጓድ ተክሌ አንገት?" ይላታል።

ዘመኑ 1982 ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ አንድ የመንግሥት የንግድ ድርጅት ነበር። በእርዳታ የመጡትን ኮምፒውተሮች በአንድ ሽቦ ያገናኘችው እሷ ናት። እሪ በከንቱ የተወለደች የሰዓት ሠሪ ልጅ ስለሆነች ጥቃቅን ነገር መፍታትና መግጠም ከአባቷ ወርሳለች። ከሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን ጭንቋ ነው።

ሥራው ባለቀ ቀን ለሠራተኛው እንድታስረዳ ታዘዘች። እያፈረች የሰፈሯን ግቢ አነሳች። በአንድ ግቢ ብዙ ቤት አለ። አንዱ ከበር ላይ "እሸቴ!" ብሎ ሲጣራ ድምፁ በየቤቱ ይገባል፤ ብቅ የሚለው ግን እሸቴ ብቻ ነው። "ጎረቤቶች!" ካለ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ሽቦውም እንደዚያው ነው። የሚላከው ነገር በየማሽኑ ደጃፍ ያልፋል፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለችው ካርድ ወንፊት አላት፣ በስሟ የመጣውንና ለሁሉም የተባለውን ታስገባለች፣ ሌላውን ታሳልፋለች።

አጽብሐ ከኋላ እጁን አወጣ። ስሙ ሳይጠራ ሁሉንም የሚሰማ ካርድስ አይኖርም ወይ ሲል ጠየቀ። እፀገነት መዋሸት አልለመደችም። ወንፊቱ ከተከፈተ አንዷ ማሽን የሁሉንም ልትሰማ ትችላለች አለች።

"እሱማ እኛ ሰፈር ጆሮ ጠቢ ነው የሚባለው" አለ አጽብሐ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ያንን ቃል በአደባባይ የሚናገር እሱ ብቻ ነበር። ጓድ ተክሌ ዘግይቶ ሳቀ። የድርጅቱ የፓርቲ ተጠሪ ነው፤ ሙሉ ስሙ ተክለሃይማኖት ነበር፣ አጽብሐ እንደሚለው ፓርቲ ሲገባ ሃይማኖቱን ደጅ ጥሎ የገባ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው አልነበረም። ያን ቀን ግን አንዲት ነገር ተማረ፤ ያስተማረው ቀልዱ ነው።

በማግስቱ እፀገነትን አስጠራት። በሩ እንዲዘጋ አደረገ።

"ያንን ጆሮ ጠቢ ያላችሁትን ለእኔ ማሽን ክፈችልኝ" አላት።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። የግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ወዲህ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚኖረው። አጽብሐ ደግሞ የሽሬ ልጅ ነው፣ ወንድሙ ከማን ጋር እንዳለ አይታወቅም። ላይኛው ፎቅ ታይፒስት ለሆነችው ለአክስቱ ልጅ ለለተክርስቶስ በሽቦው የማይጽፈው ቀልድ የለም። ያ ወንፊት ከተከፈተ አጽብሐ አለቀለት። አልከፍትም ካለች ደግሞ እሷም አብራ ልትሄድ ነው።

"እሺ ጓድ፣ እንዳሉት" አለችና ቁጭ አለች። ማሽኑን ደጋግማ ነካካች፤ ወንፊቱን ግን አልነካችም። ለሁሉም የሚላከው ብቻ በስክሪኑ ላይ እንዲወርድ አደረገችና ተነሳች። የእድር ጥሪ፣ የስብሰባ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ጃንጥላ ይወርድ ጀመር። ጓድ ተክሌ ጎረቤቶች ሁሉ ጓዳቸውን የከፈቱለት መሰለው።

ማምሻውን ድልድዩ ጋ አጽብሐን ጠብቃ ለጊዜው በሽቦው ምንም እንዳይጽፍ ለመነችው። ነገ ጓዱ ሌላ ባለሙያ ቢያመጣ ብላ ነው የፈራችው። ቀልዱ ለአንድ አፍታ ከፊቱ ጠፋ፤ እሺ አላት።

እሺ ያላት ነገር ገደለው። አጽብሐ እስከዚያ ቀን በየጠዋቱ "ጎረቤቶች!" ብሎ ለሁሉም አንድ ቀልድ ይልክ ነበር። ከወንፊቱ ቀን ጀምሮ እሱም ቀረ። ጓድ ተክሌ የሁሉንም ስም በስክሪኑ ሲያይ ከርሞ የአጽብሐን ብቻ ስላጣ እፀገነትን ጠራት።

"ለፍላፊ ሰው በአንድ ቀን ዝም ካለ የሚደብቀው አለው ማለት ነው። አይመስልሽም?"

የሚያየው ለሁሉም የተላከውን ብቻ እንደሆነ ብትነግረው ወንፊቱ ሊከፈት ነው። ዝም አለች። ያ ዝምታ ለጓዱ በቂ መልስ ሆነው።

አጽብሐን ከግምጃ ቤት የወሰዱት ሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ለተክርስቶስ ስንቅ ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ዘበኛ ከእንግዲህ አታምጪ ብሎ ሳህኗን መለሰላት። በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ መርዶ ነጋሪ አልነበረም። እፀገነት ዝውውር ጠይቃ አምስት ኪሎ መዝገብ ቤት ገባች። መንግሥት ሲለወጥ ጓድ ተክሌ ሙሉ ስሙን መልሶ ያዘ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያነሳል።

ይህን ሁሉ ከዓመታት በኋላ ለእኔ ስትናገር እንዳይጻፍ ብላ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን ከጓድ ተክሌ ክፍል እንደወጣች የራሷን ማሽን ወንፊት ከፍታ ነበር፣ አጽብሐ ምን እንደሚጽፍ አይታ ልታስጠነቅቀው። መጀመሪያ ያገኘችው ለለተክርስቶስ የጻፈውን ነው። ከፋሲካ በኋላ እሪ በከንቱ ሽማግሌ እልካለሁ፣ አባቷ ሰዓት ሠሪ ስለሆነ እንዳናረፍድ፣ እስከዚያ እፁ እንዳትሰማ ይላል። ወዲያው ዘጋችው። ድልድዩ ላይ ስትለምነው ይህን ታውቅ ነበር፤ አልነገረችውም።

"እሱን ተይው" አለችኝ፤ "ለእኔ የተላከ አልነበረም።"