በስሜ የተነገረ መርዶ

ወንድሜ አረብ አገር ነው። ሐይቅ ከተማ የቀረነው እኔና እማ ነበርን። አንድ ቀን ከአክስቴ ልጅ ቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። «እታለም፣ ስልኬ አስቸግሮኝ ነው። አሁን አንቺ ጋ ቁጥር ይገባል፣ ላኪልኝ።» እታለም ያለኝን ሰው ምን ብዬ ልጠርጥር? ላክሁ። ለካ የጻፈው የሷን አካውንት የሰረቀ ሌባ ነው። በዚያ ቁጥር የእኔን ከፍቶ ገባና እኔን ሆነ።

ይህ ሌባ የአገራችንን ወግ ያውቃል፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፣ ቀድሞ ለቅርብ ሰው ይነገራል። ስለዚህ ለወንድሜ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩት ልጆች ጻፈላቸው። «እማ ወደ አኼራ ሄዳለች። ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ። ለሰደቃዋም የቻላችሁትን ላኩልኝ።» ልጆቹ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከበው አረዱት። እማ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ጎመኗን ውኃ ታጠጣ ነበር።

በማግስቱ ወንድሜ ጎረቤት ጋ ደውሎ የእማን ድምፅ ሲሰማ «እማ፣ እማ» እያለ ተጣራ። «አለሁ ልጄ፣ አለሁ» አለችው። ስልኩ ሲዘጋ ሳቀች። «ሳልሞት ለቅሶዬን ሰማሁ፤ ይህ ለማን ይገኛል?» እኔ ግን አልሳቅሁም። ስልክ ጠጋኙ አካውንቴን አስመለሰልኝና ሁለተኛ የይለፍ ቃል አበጀለት። የሚገባልኝን ቁጥር ለእናቴም ቢሆን እንዳልሰጥ አስጠነቀቀኝ። ልጆቹ ለሰደቃ ብለው የላኩለት ገንዘብ ግን ቀልጦ ቀረ።

ዘንድሮ በክረምት እማ በእውነት ሞተች። እንደ ወጉ መጀመሪያ የደወልሁት ከወንድሜ ጋር ከሚኖሩት ልጆች ለአንዱ ነው። «እህቴ፣ አውፍ በይኝ። አንዴ በከንቱ አስለቅሰነዋል። እኔ ሁለተኛ አልነግረውም» አለኝ። አልፈረድሁበትም። ያን ሌባ ግን ረገምሁት፤ መርዶ እንኳ የምልክበት ሰው አሳጣኝ።

ሴቶቹ እማን ሊያጥቧት ውኃ ሲያዘጋጁ ደጅ ወጥቼ ራሴ ለወንድሜ ደወልሁለት። እያለቀስሁ ነገርሁት። ድምፄን አሳምሮ ያውቀዋል፤ እንባዬንም ይሰማል። እሱ ግን አላለቀሰም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«ያን ጊዜም ሞተች ብለውኝ ነበርኮ» አለኝ። «በይ ስልኩን ለእማ ስጭልኝ።»