አባቴ የራሱን በር ያንኳኳ ዕለት

አባቴ የራሱን በር ሲያንኳኳ የሰማሁት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት "ደርሼ ልምጣ" ብሎኝ በዚያው በር ወጥቷል። ስከፍት ነጠላውን አጣፍቶ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፤ እኔን ሳይሆን ጫማውን ያያል። "ቤቶች" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ቤቶች ማለት እኔና አባቴ ነን፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሌላ ሰው የለም።

ለሽምግልና እንደመጡ ወዲያው ገባኝ። ያልገባኝ አባቴ ከዚያኛው ወገን ምን እንደሚሠራ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ አገር መንግሥት ያስተማረው ሰው ሲመረቅ ወጪ መጋራት የሚባል ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ ሁላችንም ኮስት ሼሪንግ ነው የምንለው። ውሉን የፈረምነው ገና ተማሪ ሳለን፣ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ በጓደኛ ጀርባ ላይ አስደግፈን፣ ሳናነብ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ እዚያው ሬጅስትራር ይቀመጣል። ለተመራቂው የሚሰጠው ቴምፖራሪ የተባለ ጊዜያዊ ወረቀት ነው። እኔም በሒሳብ ተመርቄ ይዤ የመጣሁት ያንን ነበር። እናቴ ላሚኔት አስደርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከወርቋ ጋር አስቀመጠችው። ዲግሪዬ እሱ መስሏት ነው የሞተችው።

እናቴ ባረፈች ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሦስት ቀን ከአባቴ ጎን አልተለዩም። ለቀስተኛውን ተቀብለው ያስተናገዱት፣ አባቴን አስገድደው ያጎረሱት እሳቸው ናቸው። ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ውስጥ ጋሼ ከተባለ ማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። አሁንም አንቱ የምላቸው አፌ እምቢ ብሎኝ እንጂ ይገባቸዋል ብዬ አይደለም።

ጋሼ መካኒሳ ላይ የግል ትምህርት ቤት አላቸው። ከሐዘኑ በኋላ አስጠሩኝ። በዚያ ሰሞን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመቀጠር ተፈትኜ አልፌ ነበር።

"የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ያደርግልሻል? እኔ ጋ ሁኚ። አባትሽንም ቅርብ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ኮስት ሼሪንግሽን ከደሞዝሽ እየቆረጥኩ አስገባልሻለሁ፤ ሳታውቂው ያልቃል" አሉኝ።

ሳታውቂው ያሉት እውነታቸውን ነው። አምስት ዓመት አስተማርኩላቸው። ወር በገባ ቁጥር ቢሯቸው ገብቼ ፔሮል ላይ እፈርማለሁ። የሌላው ሰው ደሞዝ እንዳይታየን ከስማችን በላይ አንድ ማስመሪያ፣ ከስማችን በታች ሌላ ማስመሪያ ያስቀምጣሉ። በሁለቱ መካከል የምትታየው ቀጭን መስመር ላይ "ወጪ መጋራት" የሚል ዓምድ አለ፤ ቁጥሩም ተጽፎበታል። አይቼ፣ አመስግኜ፣ ፈርሜ እወጣለሁ። ፎቶ ኮፒ የሚሰጠን ሰው የለም፣ እኛም አንጠይቅም።

በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ቀን ጠየቅኩ። ምን እንዳነሳሳኝ አላውቅም። "ጋሼ፣ የኮስት ሼሪንጉ ደረሰኝ ካለ ባየው" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ።

"ከእኔ ደረሰኝ? ልጄ አይደለሽም እንዴ አንቺ?"

አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ መጠየቄ ሳይሆን ይቅርታዬ ነው። ማታ ቤት ስገባ አባቴ ወሬው ደርሶት ጠበቀኝና "እንዴት ጋሼን እንዲህ ትያቸዋለሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። እሱንም ይቅርታ ጠየቅኩት።

ዘንድሮ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከትኩና ተቀበሉኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዋናውን ዲግሪዬን ካላቀረብኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዕዳዬ በአምስት ዓመቱ ቆረጣ ካለቀ የቀረኝ ማረጋገጫ ወስዶ ዲግሪውን ማውጣት ብቻ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ግብር ቢሮ ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛ የግብር ከፋይ ቁጥሬን አስገባች። ዳግመኛ አስገባች።

"በዚህ ቁጥር የገባ ነገር የለም።"

"ስሜ በሌላ አጻጻፍ ገብቶ ይሆናል።"

"በስምም አየሁት። የለም።"

"አንድም ወር?"

"አንድም ወር፣ እህቴ።"

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቷ ግን አላባረረችኝም፤ ፊቴን አይታ ይሆናል። ያሉኝን መንገዶች በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሁሉንም ባንዴ ከፍዬ ነገ ዲግሪዬን መውሰድ እችላለሁ፤ የለኝም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረ ሰው በአገልግሎቱ ይታሰብለታል፣ ዓመቱን ሲጨርስ ዕዳው ይሰረዛል። "የግል ግን አይቆጠርም" አለችኝ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን ጋሼ ባያስጠሩኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ከዕዳው ነፃ ነበርኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም። የመጨረሻውን ዝግ ብላ ነገረችኝ፦ ቀጣሪው ቆርጦ ካላስገባ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ግን የቆረጠ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ። ፔሮል፣ ወይም ራሱ አምኖ የፈረመበት ወረቀት።

በቀጥታ መካኒሳ ሄድኩ። ጋሼ አልካዱም። የሕንፃው ኪራይ ሲጨምርባቸው ለዚያ እንዳዋሉት፣ ሲሞላላቸው እንደሚመልሱት፣ ልጃቸው ስለሆንኩ እንደምረዳቸው ነገሩኝ። የፔሮሉን ኮፒ ስጠይቅ ግን "የቢሮ ሰነድ ከቢሮ አይወጣም" አሉ። እከስዎታለሁ አልኳቸው። እንዲህ ብዬ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ነው።

ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው ግን እምቢ አሉ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ እኒያ ቤቶች ያሉት ሽማግሌ። ወጉ ነው፤ የለመነ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል። አባቴም በየቀኑ ዜና የሚያይባትን ወንበሩን በጉልበቱ እየነካ አብሯቸው ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

ሽማግሌው ረጅም ንግግር አደረጉ። ጋሼ ስንቱን ቀብረው ስንቱን ድረው እንደኖሩ፣ ስማቸው ፍርድ ቤት ቢነሳ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚዋረድ፣ ወጣት ስለሆንኩ ገና ብዙ እንደማገኝ አወሩ። በመጨረሻም "ይቅር በይን፣ ልጃችን" አሉ።

"አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩ።

ነጠላውን አስተካከለ። "እኔ እንኳ ጋሼ ያኔ ሲነግሩኝ ቶሎ የሚመልሱት መስሎኝ ነው።"

"መቼ ነው የነገሩህ?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

"ደረሰኝ የጠየቅሽ ጊዜ" አለ። "እናትሽን የቀበሩ ሰው ናቸው፣ ልጄ። በምን አፌ ልናገራቸው?"

ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ ወር በገባ ቁጥር ሄጄ ስፈርም ያውቅ ነበር። ደሞዝ የተቀበልኩ ዕለት ሙዝ ገዝቼለት ስገባ እየመረቀ ይቀበለኝ ነበር። ጋሼ ቢከዱኝ ባዳ ናቸው አልኩ፤ አባቴ ግን አንጀቴን ነው የቆረጠው። የድንኳኑን ውለታ በእኔ ዲግሪ ሲከፍል ኖሯል፣ ያውም ሳይጠይቀኝ።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ ግን የግብር ቢሮዋ ልጅ ድምፅ ነው፦ ራሱ አምኖ የፈረመበት ወረቀት።

"እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አልኩ። "ፍርድ ቤት አልሄድም። ግን እርቁ በጽሑፍ ይሁን።"

ደስ አላቸው፤ ተቀመጡ። ጋሼም ሩቅ አልነበሩም፣ መንገዱ ዳር መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ገብተው አቀፉኝ። የእርቁን ውል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ ያምራል ተብዬ። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደቆረጡ፣ ለሚመለከተው እንዳላስገቡ፣ አሁን ግን በሽማግሌ እንደታረቅን በዝርዝር ጻፍኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው "አላስገቡም" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ይሄ ዝርዝር ምን ያደርጋል?"

"እርቅ እኮ እውነቱን ተናግሮ ነው፣ ጋሼ" አሉ ሽማግሌው፣ እርቁን ለመጨረስ ቸኩለው። ጋሼ ፈረሙ። ከሥር ሦስቱ በምስክርነት ፈረሙ። የአባቴ ፊርማ የመጨረሻው ነው፤ ጫፉ ከመስመሩ ወርዷል። ከዚያ ተመረቅን፣ አሜን አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ግብር ቢሮ ገባሁ። ፍርድ ቤት ስላልሄድኩ ቃሌን አላጠፍኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም ብዙ አላመነኝም። ልጅቷ ሁለቴ አነበበችውና ወደ አለቃዋ ይዛው ገባች። ዕዳው ወደ ጋሼ ዞረ። ለእኔ ከዕዳ ነፃ ነች የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ዲግሪዬ እጄ ገባ። የእናቴ ቴምፖራሪ አሁንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ሰፈሩ ሰላምታ ቀንሶብኛል፤ በእርቅ ወረቀት ሰው የከሰሰች እባላለሁ። ጋሼ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ያቋርጣሉ። አባቴ ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም ስለ ሦስቱ ዓመት አልጠየቅኩትም። ምሳውን አቀርብለታለሁ፣ ይበላል፣ ይመርቀኛል። ቁልፉ ዛሬም ኪሱ ውስጥ ነው። ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ ከውጭ ሲመጣ አንኳኩቶ እስክከፍትለት ቆሞ ይጠብቃል።