አሜን ያላልኩበት ጸሎት

የወሰዱን ረፋድ ላይ ነው። ሴት ልጄ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማ ነበር፤ እኔ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው ቤታችን ግቢዋ ጠባብ ናት፤ አምስት ሰው ሲገባባት ትሞላለች። ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ ወንድ ልጄ የት እንዳለ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ያለበትን አላውቅም፣ የሚያነሳውን ስልክ ቁጥር ግን አውቅ ነበር።

"እንግዲያው እስኪመጣ ድረስ እናንተ እኛ ዘንድ ትጠብቁታላችሁ" አለ፤ ለግብዣ የጠራን ይመስል።

ሽንኩርቱን መክደኛ ሳላደርግበት ወጣሁ። የደሴ ብርድ ለእርጥብ ፀጉር ስለማይመች ለልጄ ጋቢ ደረብኩላት። ብዙም አላስፈለጋት፤ መኪናው ወደ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረደ።

ያንን ቁልቁለት ሃያ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጨርቁ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ የተበጠሰውን ክር፣ የሳሳውን ቦታ፣ የዘይት ጠብታውን አይቶ ምልክት ማድረግ ነው ሥራዬ። አመል ሆኖብኛል፤ የትም ብገባ መጀመሪያ የማየው ጉድለቱን ነው። ያስገቡን ክፍል ግን ከየት እንደሚጀመር ግራ የሚያጋባ ነበር። የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያቃጥላል። የጆንያና የማዳበሪያ ሽታ አለው። አሥራ አንድ ሴቶች፣ አንድ ባልዲ፣ ሦስት ምንጣፍ። ከውጭ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይርገፈገፋል።

ልጄን ለምን እንደፈለጉት ልንገራችሁ። ነርስ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ በቀረበ ሰሞን ሁለት ቁስለኞች መጡ፤ እሱና የሥራ ጓደኛው ሰፍተው፣ አሽገው ሸኟቸው። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቁም። ክሊኒክ የመጣን ቁስለኛ ሌላ ምን ያደርጉታል? በሳምንቱ ጓደኛውን ወሰዱት። እናቱ ሬሳውን በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር አገኘችው። ልጄ ያን ዕለት ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም።

እህቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ቀርቷታል። የታሰረችው በእህትነቷ ነው፤ ሌላ ክስ አልነበራትም።

ከእኛ ምንጣፍ ቀጥሎ ከቢስቲማ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሰባት ዓመት የሞላው የልጅ ልጅ እንዳላቸው በመጀመሪያው ሰዓት ነገሩኝ፤ ለምን እንደታሰሩ ግን አልነገሩኝም። እኔ በጠዋት ተነስቼ መዝሙር ሳንጎራጉር ይሰሙና፣ "አንቺ ጴንጤ፣ ቀስ ብለሽ ጥሪው እንጂ፤ ጌታሽ ደንቆሮ ነው እንዴ?" ይሉኛል። እሳቸው በአምስቱም ወቅት ይሰግዳሉ። ውሃ ስለሌለ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየነኩ ፊታቸውን ያብሳሉ። ልጄ ከመጣን ወዲህ የሳቀችው በእሳቸው ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ወደ ቢሮ ጠሩኝ። መርማሪው ገና ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ወንበር ሰጠኝ።

"እናቴ፣ እኛም እናት አለን" አለ። "ልጅዎ ወንጀል ከሌለበት ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል። እርስዎና ልጅቷም በዚያው ቀን ቤታችሁ ትገባላችሁ። ታምሜያለሁ፣ ቤት ነኝ፣ ና ይበሉት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።"

"ባይመጣስ?"

"ዓርብ መኪና ይመጣል። ወጣቶቹ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳሉ። እዚያ እኔ የለሁም።"

"ሌላ ቦታ የት ነው?"

"እዚያ እኔ የለሁም" ብሎ ደገመው። እስከ ሐሙስ እንዳስብበት ነገረኝ።

ስለ ሌላው ቦታ ከእኛ ክፍል የሚያውቁ ሴቶች ነበሩ። ልጄ ስትተኛ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። አንዷ ነገረችኝ፤ ሁለተኛዋ "ተያት፣ አትንገሪያት" ብላ አቋረጠቻት። የሰማሁት በቂ ነበር።

ረቡዕ አሮጊቷን፣ "እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"እኔማ አድርጌዋለሁ" አሉ።

ያኔ ነው የነገሩኝ። የእሳቸውንም ልጅ ፈልገውት ነበር። የአገር ሽማግሌዎች ቤታቸው መጥተው፣ ቃሉን ሰጥቶ ይመለሳል፣ እኛ ዋስ ነን አሏቸው።

"ወላሂ በእጄ ይዤ አመጣሁት። መንገድ ላይ እንዳይርበው ቆሎ በኪሱ አድርጌለት። ገባ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ልጄን ስጡኝ እያልኩ በሩ ላይ በየቀኑ ስቀመጥ ሰለቸኋቸውና እኔንም አስገቡኝ።"

"እንግዲያው አልደውል?"

ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ። "የኔ ሴት ልጅ አጠገቤ አልተኛችም። የቱ ጣት ተቆርጦ ነው የማያመው? ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ ይሄን ግን እኔን አትጠይቂኝ። አብሽሪ።"

ሳልሸፋፍን ልጻፈው፤ ሴት ልጄን መረጥኩ። እሱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አፍ አለው፣ ምናልባት የጓደኛው ዕጣ አይደርሰውም፣ ምናልባት የዛሬው መርማሪ የተሻለ ነው አልኩ። ያን ሰሞን "ምናልባት" ስንቄ ነበረች። ሐሙስ ጠዋት ለወንድሟ እንደምደውል ለልጄ ነገርኳት።

"ከመጣ እወጣለሁ?" አለችኝ።

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

ይገድሉት ይሆን ብላ አልጠየቀችም። የጓደኛውን ነገር እንደኔው ታውቃለች። "እሺ" አለች። ከዚያ ጭኔ ላይ ተኝታ አለቀሰች። ሕፃን ናት፤ መውጣት ፈለገች። ማንም አይፈርድባትም፤ እኔማ በፍጹም።

ስልኬን ቻርጅ አድርገው ጠበቁኝ። ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መርማሪውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አራት ጊዜ ጠራ።

"እማዬ!"

"ታምሜያለሁ" አልኩት። "ቤት ነኝ። ና።"

ነርስነቱን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። "ምንሽን ነው? ግፊትሽ ነው? መድኃኒቱን ወሰድሽ? እግርሽ አብጧል?" እያለ ያጣድፈኝ ጀመር። ለሁሉም የውሸት መልስ ሰጠሁ። አብጧል አልኩ። ያዞረኛል አልኩ። እንከን የማይገኝበት ጥሩ ውሸት ወጣልኝ፤ ራሴን አላወቅኩትም።

"ዛሬውኑ እመጣለሁ" አለ። አላመነታም።

መርማሪው ራሱን ነቀነቀልኝ። አለቀ። ስልኩን ለመዝጋት እጁን ሲዘረጋ ልጄ፣ "ቆይ እማዬ፣ እንጸልይ" አለ።

አባታቸው ከሞተ ጀምሮ በቤታችን ሳይጸለይ ስልክ አይዘጋም። ታክሲ ውስጥ ብንሆንም፣ ወረፋ ላይ ብንሆንም፣ ግማሽ ደቂቃ እንጸልያለን። አንዳችን ይጸልያል፤ ሌላው አሜን ይላል። ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መርማሪው እጁን መለሰ። ለምን እንደመለሰ አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ከአንድ እናት የተማረው ነገር ይኖር ይሆናል።

"ጌታ ሆይ፣ እናቴን ዳስሳት" አለ ልጄ። "ሕመሟን ውሰድላት። እኔንም መንገዴን ጠብቅልኝ፤ በሰላም ወደ እሷ አድርሰኝ። በኢየሱስ ስም።"

አሜኔን ጠበቀ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን ጠበቅን።

ውሸቱን ለልጄ ተናግሬዋለሁ፤ ችዬዋለሁ። ይህቺን አንዲት ቃል ግን አፌ እምቢ አለኝ። በሰላም ወደ እኔ አድርሰው ብዬ እንዴት ልለምን? እኔ ያለሁት እዚህ ነው።

"እማዬ? አሜን አላልሽም።"

"አልልም" አልኩ። "አልታመምኩም። እንዳትመጣ። ስልኩን ጣለውና ሂድ።"

የመርማሪው እጅ ስልኩ ላይ አረፈ። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። ቢመታኝ በወደድኩ። "እናቴ፣ ልጅቷን የላኳት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም" አለ፤ እንዲወስዱኝም አዘዘ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ልጄ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

"ይመጣል?"

"አትምጣ አልኩት።"

"እኔ እዚህ እንዳለሁ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

ያንን ብነግረው ምንም ብለው አይቀርም ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች። ለምን አላለችኝም። ምንጣፉ ላይ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዙራ ተኛች። በአንድ ስልክ ሁለቱንም ልጆቼን ከዳሁ፤ እሱን ጠርቼ፣ እሷን ሰጥቼ። አሮጊቷ መጥተው ጀርባዬን ይዘው ተቀመጡ። 

ዓርብ ጠዋት ዝርዝር እንደሚነበብ ሁላችን እናውቅ ነበር። የልጄ ፀጉር ከዚያ ከታጠበችበት ቀን ጀምሮ አልተሠራም፤ ተተብትቦ ነበር። "ነይ" አልኳት። አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። ጉልበቴ መሃል ተቀመጠች። ማበጠሪያ ስላልነበረ በጣቴ ፈታሁት። ሹሩባ ጀመርኩ። 

ሁለት መስመር ሲቀረኝ በሩ ተከፈተና ስሟ ተጠራ።

"ተነሺ!" አላት ጠባቂው።

"ሁለት ቀርቶኛል" አልኩት።

"እናት፣ መኪናው እየጠበቀ ነው እኮ።"

"ይጠብቅ።"

ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። አሮጊቷ ከምንጣፋቸው ሳይነሱ፣ "ያ ልጅ! ያንተ እናት እህትህን አልሠራችም? እዚያው ቁም!" አሉት። ቆመ። መቃኑን ተደግፎ ወደ ውጭ እያየ ጠበቀ። እኔም አልቸኮልኩም። መሃል ራሷን በጥፍሬ ቀጥ አድርጌ ከፈልኩ፤ ጫፉን ከነጠላዬ በመዘዝኩት ክር አሰርኩት። ጉድለት ስፈልግ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያ ሹሩባ ጉድለት አልነበረውም።

ተነሳች። ጋቢዋን ለበሰች። አሮጊቷን ሳመች፣ እኔንም ሳመችኝ። ስትወጣ ግን አልዞረችም።

እኔን በስድስተኛው ሳምንት ለቀቁኝ፤ አሮጊቷን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ። ልጄ የተመለሰችው በስምንተኛው ወር ነው። ያየችውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን ቀን ቀን ኮምቦልቻ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ትማራለች። አንድ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። እንሳሳቃለን እንኳን። ማንም ቢያየን ደህና እናትና ልጅ ነን።

ወንድሟ በሕይወት አለ፤ ድንበር ተሻግሮ። እሁድ እሁድ ይደውላል። እህቱ መታሰሯን እስከ ዛሬ አያውቅም። እንዳልነግረው የከለከለችኝ እሷ ናት። "ከሰማ መኖር ያቅተዋል" አለችኝ። ፈተናው ለምን እንዳለፋት ሲጠይቃት ሰንፌ ነው ትለዋለች። ይቆጣታል፣ ይመክራታል። እሺ ወንድሜ እያለች ትሰማዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ግቢው ውስጥ ልብስ እናሰጣ ነበር። አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን እየጨመቅን ሳለ ድንገት፣ "እማዬ፣ ያኔ ስልኩን የማነሳው እኔ ብሆን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ እሱ ቢሆን፣ አትምጪ ትይኝ ነበር?" አለችኝ።

እንደ ቁጣ አልነበረም። ስለ ዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚጠየቅ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

መልሱ አዎ ነው። ወዲያው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ዘገየሁ። ያን ሁሉ ዘመን እውነት ተናገሩ ብዬ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፤ ቃሉን ከመናገሬ በፊት እውነት መሆኑን ማየት ፈለግኩ። እሷ አንሶላውን ይዛ ጠበቀችኝ።

"አዎ" አልኳት በመጨረሻ።

"እሺ" አለች።

ቤት ውስጥ ስልኩ ጠራ። እሁድ በዚህ ሰዓት የሚደውለው እሱ ነው። የእኔን ጫፍ ተቀብላኝ አንሶላውን ገመዱ ላይ ብቻዋን አሰጣችው፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጣ ገባች።

"ደህና ነን ወንድሜ" ስትለው ሰማኋት፤ እየሳቀች። "አይ፣ ምንም የለም። ከእማዬ ጋር እየተጫወትን ነው።"