ለታመመ ሰው እውነት የምትነግረው ሳቢራ

ሳቢራን የማያውቅ ሰው ኩሩ ናት ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት፤ ሰላምታዋ አጭር፣ ፊቷ ኮስታራ። የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ናት። ደሴ ነርስነት ተምራ አሁን ከሚሴ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሠራለች።

ታላቅ ወንድሜ ጀይሉ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ መኪና ተገልብጦበት እሷ እጅ ገባ። አብሮት የነበረው ልጁ ቶፊቅ እዚያው ሞተ፤ እኛው ቀበርነው። የጀይሉ ሳንባ ስለተጎዳ በአፉ ቱቦ አስገብተውለት ማሽን ይተነፍስለታል። በነቃ ቁጥር ቱቦውን ሊነቅል ስለሚታገል ሁለት እጁን በፋሻ አስረውታል። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ሰው እንደ ከብት ይታሰራል ወይ ብዬ ሳቢራ ላይ ጮኽኩባት።

እሷ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። ድሮ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ በመድኃኒት ጭልጥ አድርጎ ማስተኛት ነበር ልማዱ። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ግን ብዙ ማስተኛት አእምሮን እንደሚያቃውስ፣ ከማሽኑ መላቀቅንም እንደሚያዘገይ አሳይተዋል አለች። ስለዚህ መድኃኒቱ ይቀነሳል፤ የሚያውቀው ድምፅ አጠገቡ ይሆናል፤ የት እንዳለና ምን እንደደረሰበት ይነገረዋል። አጠገቡ እንድሆንም ሐኪሙን ለምና አስፈቅዳልኛለች። ዛሬም ከታገለ ግን መልሰው ሊያስተኙት ነው፤ ያኔ መትረፉን እንጃ።

ገባሁ። እኛ ዘንድ ለታመመ የሚባለው ያው የታወቀው ነው፤ ምንም አልሆንክም፣ ደህና ነህ፣ አላህ አፊያ ያርግህ አልኩት። ጀይሉ ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝና ሊነሳ ተወራጨ። ደህና ነህ የተባለ ሰው ታዲያ ምን ይተኛል? ሳቢራ ትከሻውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«እውነቱን ይንገሩት» አለችኝ። «ደህና ነህ እያሉት ለምን እንደታሰረ እንዴት ይገባዋል?»

ስለ ቶፊቅስ አልኳት በዓይኔ። ዛሬ እንዳላነሳው፣ ሲጠይቅ ግን እንዳልዋሸው በጆሮዬ ነገረችኝ።

እየከበደኝ ነገርኩት። መኪና ተገልብጦብሃል፣ ሆስፒታል ነህ፣ የሚተነፍስልህ ይህ ቱቦ ነው፣ አትንካው አልኩት። እሷም በኦሮምኛ ደገመችለት። የጨበጠው እጁ ቀስ እያለ ላላ። ፋሻውንም ፈታችለት። ከዚያ ወዲያ በገባች ቁጥር ቀኑንና ቦታውን ትነግረው ነበር፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቱቦው የወጣለት ዕለት፣ ድምፁ ሻክሮ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጁን ነው።

ቤት ነው የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሳቢራን አየኋት፤ በዚያ ኮስታራ ፊቷ ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የወንድሜን እጅ ያዝኩ።

«ቀብረነዋል» አልኩት።



«ጠርጥሬ ነበር» አለ ጀይሉ። «ቢኖር እሱ ነበር እዚህ የሚቀመጠው። ሰላም ነው ብትለኝ ኖሮ ብቻዬን ላለቅስለት ነበር።»

ሳቢራ በሩን ዘግታ አብራን ተቀመጠች።